የመኖ ትዕዛዝ በሁለት ማደባለቂያ፦ ሊኒየር ፕሮግራሚንግና የገደብ ፕሮግራሚንግ የት ላይ ይገናኙ?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «ደብረ ብርሃን በሚገኝ የከብት መኖ ማቀነባበሪያ ውስጥ የምርት ዕቅድ አወጣለሁ። ሁለት ማደባለቂያ አለን፤ አዲሱ ፈጣንና ርካሽ ነው፣ አሮጌው ቀርፋፋና ውድ። በሳምንት ወደ 60 ትዕዛዝ ይመጣል፤ ለመሃል ሜዳ፣ ለደብረ ሲና፣ ለሸዋ ሮቢት፣ ለእነዋሪ። እያንዳንዱ ትዕዛዝ ጥሬ ዕቃው የሚደርስበትና መኪናው የሚነሣበት ሰዓት አለው። ሁሉንም በአንድ የድፍን ቁጥር ሊኒየር ሞዴል ጻፍኩት፤ ሌሊቱን ሲሠራ አድሮ ጋፑ (በተገኘው ፕላን ወጪና «ከዚህ በታች አይቻልም» በሚባለው ወለል መካከል ያለው ልዩነት) ከ 30 በመቶ አልወርድ አለ። በሲፒ-ሳት፣ ማለትም በገደብ ፕሮግራሚንግ መፍቻ ሶፍትዌር፣ ስሞክረው ፕላን ቶሎ ይሰጠኛል፣ ርካሹ መሆኑን ግን አያረጋግጥልኝም። ሁለቱን አጣምር ይሉኛል፤ እንዴት አድርጌ?»

ሥራውን ለሁለት ይክፈሉት። የትኛው ትዕዛዝ በየትኛው ማደባለቂያ ይሠራ፣ ከምን ከምን ይቀየጥ የሚለው የሊኒየሩ (ወጪንና መጠንን በቀጥተኛ እኩልታዎች የሚያስላው ዘዴ) ድርሻ ይሁን። በስንት ሰዓት ይጀምር፣ ማን ማንን ይቅደም የሚለው የገደብ ፕሮግራሙ (የማይቻሉ አማራጮችን እየሰረዘ የሚፈልገው ዘዴ) ድርሻ ይሁን። ከሁለተኛው ወደ መጀመሪያው የሚመለሰው መልእክት አንድ ዓይነት ብቻ ነው፦ «እነዚህን ትዕዛዞች አንድ ላይ እዚያ ማደባለቂያ ላይ አታስቀምጣቸው» የሚል ክልከላ። ዘዴው ሎጂክ-ቤዝድ ቤንደርስ ይባላል። የሒሳብ ሊቁ ቤንደርስ እ.ኤ.አ. በ 1962 ያወጣው ዘዴ ሁለተኛውም ክፍል ሊኒየር እንዲሆን ይጠይቅ ነበር፤ ጆን ሁከር በ 2000፣ ከዚያም ከኦቶሰን ጋር በ 2003፣ ሁለተኛው ክፍል ማንኛውም ዓይነት ችግር ሊሆን እንደሚችል አሳየ። ጄይንና ግሮስማን በ 2001 የሠሩበት ችግር ደግሞ የእርስዎ መንትያ ነው ማለት ይቻላል፦ መነሻና መድረሻ ሰዓት ያላቸው ሥራዎች፣ ፍጥነታቸውና ዋጋቸው የተለያየ ማሽኖች፣ ዓላማው ጠቅላላ ወጪን መቀነስ።

መጀመሪያ ግን የእርስዎ ሞዴል ለምን እንደቆመ መረዳት ያስፈልጋል፤ ይህ ካልገባ ማጣመሩም ተመልሶ እዚያው ጭቃ ውስጥ ይገባል። አራት ትዕዛዝ ብቻ ያለበት አንድ ቀን እንውሰድ። ሥራ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት፣ ማለትም 10 ሰዓት ነው።

የደብረ ሲናው ሞላሰሱ የሚደርሰው 6 ሰዓት ላይ ነው፤ መኪናው 8 ሰዓት ላይ ይነሣል። በአዲሱ 2 ሰዓት ይፈጃል፣ ዋጋው 500 ብር፤ በአሮጌው 3 ሰዓት። የእነዋሪው ትልቅ ነው፤ ከ 2 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ መቼም ቢሠራ ይሆናል፤ በአዲሱ 5 ሰዓትና 1000 ብር፣ በአሮጌው 7 ሰዓትና 1600 ብር። የመሃል ሜዳው እስከ 10 ሰዓት ማለቅ አለበት፤ በአዲሱ 3 ሰዓትና 600 ብር፣ በአሮጌው 4 ሰዓትና 800 ብር። የሸዋ ሮቢቱ እስከ 11 ሰዓት፤ በአዲሱ 2 ሰዓትና 400 ብር፣ በአሮጌው 3 ሰዓትና 700 ብር። የመሃል ሜዳውና የሸዋ ሮቢቱ ጥሬ ዕቃ ከጠዋት ጀምሮ መጋዘን ውስጥ አለ።

የደብረ ሲናውና የእነዋሪው ሁለቱም አዲሱ ላይ ተመደቡ እንበል። በእርስዎ ሞዴል ውስጥ «ወይ ይህ ይቅደም፣ ወይ ያ ይቅደም» የሚለው በትልቅ ቋሚ ቁጥር ተጽፏል። ቁጥሩ 10 ይሁን፤ «እነዋሪ ይቀድማል» የሚለው ተለዋዋጭ 0 ወይም 1 መሆን ሲገባው ሊኒየሩ ሲላላ (ክፍልፋይ ሲፈቀድለት) 0.5 ይለዋል። ያኔ የመጀመሪያው ገደብ «ደብረ ሲና ከእነዋሪ መነሻ + 5 − 5 በኋላ ይጀምር» ይሆናል፤ ሁለተኛው «እነዋሪ ከ 6 + 2 − 5፣ ማለትም ከ 3 ሰዓት በኋላ ይጀምር» ይሆናል። እነዋሪን 3 ሰዓት ላይ፣ ደብረ ሲናን 6 ሰዓት ላይ ያስጀምራል፤ ሁለቱም ገደቦች ተሟሉ። ነገር ግን አንዱ ከ 3 እስከ 8፣ ሌላው ከ 6 እስከ 8 በአንድ ማደባለቂያ ውስጥ አሉ ማለት ነው! ሊኒየሩ ይህን አያይም። የወጪ ወለሉ ዝቅ ብሎ የሚቀረው፣ ሶልቨሩም (ሞዴሉን የሚፈታው ፕሮግራም) ሌሊቱን ሙሉ ቅርንጫፍ ሲከፋፍል የሚያድረው በዚህ ምክንያት ነው። ቋሚ ቁጥሩን ማሳነስ ትንሽ ይረዳል፤ በሽታውን ግን አያድንም።

የገደብ ፕሮግራሙ ይህንኑ ጥያቄ ሲመለከት ምንም ቅርንጫፍ አያስፈልገውም። ደብረ ሲና ከ 6 እስከ 8 የግድ ተይዟል። እነዋሪ ሊጀምር የሚችለው ከ 2 እስከ 7 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው፤ በ 5 ደቂቃ ከቆጠርን 61 አማራጭ። እያንዳንዱ አማራጭ ከተያዘው ሰዓት ጋር ይጋጫል፤ ከ 6 በፊት ያለው 4 ሰዓት ብቻ ነው፣ ከ 8 በኋላም 4 ሰዓት ብቻ፣ ሥራው ግን 5 ሰዓት ይፈልጋል። አማራጩ ባዶ ሆነ፤ አለቀ። በአንጻሩ የገደብ ፕሮግራሙ ብቻውን «ከዚህ ብር በታች አይቻልም» የሚል ጠንካራ ወለል ማምጣት ይከብደዋል፤ ወጪ የብዙ ትንንሽ ምርጫዎች ድምር ስለሆነ ከእያንዳንዱ ገደብ ለብቻው የሚገኘው መረጃ ደካማ ነው። ሲፒ-ሳት ፕላን ሰጥቶዎት ማረጋገጫ የነፈገዎት ለዚህ ነው። አንዱ ዋጋን ያውቃል፣ ሌላው ሰዓትን ያውቃል።

አሁን ወደ አሠራሩ። አንደኛውን ሞዴል መዳቢ፣ ሁለተኛውን ሰዓት አውጪ እንበላቸው።

መዳቢው ለእያንዳንዱ ትዕዛዝና ማደባለቂያ አንድ 0/1 ተለዋዋጭ አለው፤ እያንዳንዱ ትዕዛዝ አንድ ቦታ ብቻ ይመደባል፤ ዓላማው ጠቅላላ ብር ነው። የመነሻ ሰዓት የሚባል ተለዋዋጭ ፈጽሞ አይግባበት። ሥራ ከመጀመሩ በፊት የማይቻሉትን ያጥፉ፦ ደብረ ሲና በአሮጌው 3 ሰዓት ይፈጃል፣ ያለው ጊዜ ግን 2 ሰዓት ነው፤ ያ ተለዋዋጭ ዜሮ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ ዘዴው «አልሠራም» የሚባለውም በአብዛኛው እዚህ ጋ ነው። መዳቢው ስለ ሰዓት ምንም ካላወቀ ሁሉንም ነገር በርካሹ ማደባለቂያ ላይ ይከምራል፤ ሰዓት አውጪው ይከለክላል፤ መዳቢው አንዱን ብቻ ነቅሎ ደግሞ ይከምራል። መቶ ጊዜ ይመላለሳሉ። ስለዚህ መዳቢው ውስጥ የላላ የጊዜ ገደብ ያስገቡ፦ ለእያንዳንዱ የመነሻና የመድረሻ ጥንድ፣ ሙሉ በሙሉ በዚያ መካከል የሚወድቁት ትዕዛዞች የሥራ ሰዓት ድምር ከዚያ ርዝመት አይበልጥ። በምሳሌያችን ከ 2 እስከ 12 ሰዓት ያለው ለአዲሱ 2 + 5 + 3 + 2 = 12 ይሆናል፤ ከ 10 ይበልጣል። ስለዚህ አራቱንም አዲሱ ላይ መከመር (2500 ብር) ገና ከመነሻው ተከለከለ። ለ 60 ትዕዛዝ ጥንዶቹ ቢበዙም ተመሳሳይ መነሻና መድረሻ ስለሚደጋገም የሚቀሩት የተለያዩት ብቻ ናቸው፤ ሊኒየሩ አይከብደውም።

አሁን መዳቢው ከአዲሱ ላይ ቢያንስ አንዱን ማንሣት አለበት። መሃል ሜዳን ማዛወር 200 ብር ይጨምራል፣ ሸዋ ሮቢትን 300፣ እነዋሪን 600። መሃል ሜዳን ያዛውራል፤ 2700 ብር። በአዲሱ ላይ 2 + 5 + 2 = 9 ሰዓት ቀረ፤ የላላው ገደብ ተስማማ። ለሰዓት አውጪው ይሄዳል፤ አይቻልም ይላል።

ምን ብለን እንከልክል? ሰነፉ ክልከላ «ደብረ ሲና፣ እነዋሪና ሸዋ ሮቢት ሦስቱም አዲሱ ላይ አይሁኑ» ነው። ትክክል ነው፣ ግን ደካማ። በዚህ ከቀጠልን መዳቢው ሸዋ ሮቢትን ያነሣና መሃል ሜዳን ይመልሳል፤ 2800፤ አይቻልም። ሁለቱንም ያነሣል፤ 3000፤ አሁንም አይቻልም። በአራተኛው ዙር ነው እነዋሪን አዛውሮ 3100 ላይ የሚደርሰው። ጥፋቱ ያለው በሁለቱ ትዕዛዞች ላይ ሆኖ ሳለ ሦስተኛው ያለ በደሉ ይቀጣል።

ስለዚህ ክልከላውን ያጥብቡት። ከተከለከለው ስብስብ አንድ ትዕዛዝ ያውጡና ሰዓት አውጪውን እንደገና ይጠይቁ። አሁንም «አይቻልም» ካለ ያ ትዕዛዝ ጥፋተኛ አይደለም፤ እስከ ወዲያኛው ይውጣ። «ይቻላል» ካለ ይመልሱት፣ ወደሚቀጥለው ይለፉ። ሸዋ ሮቢት ወጣ፤ አሁንም አይቻልም፤ ይቅር። ደብረ ሲና ወጣ፤ ይቻላል፤ ይመለስ። እነዋሪ ወጣ፤ ይቻላል፤ ይመለስ። የቀረው ክልከላ «ደብረ ሲናና እነዋሪ አዲሱ ላይ አንድ ላይ አይሁኑ» ነው። ደብረ ሲና ከአዲሱ መነቃነቅ ስለማይችል እነዋሪ በቀጥታ ወደ አሮጌው ይሄዳል፤ በሁለተኛው ዙር 3100። መርሐ ግብሩም ይወጣል፦ በአዲሱ መሃል ሜዳ ከ 2 እስከ 5፣ ደብረ ሲና ከ 6 እስከ 8፣ ሸዋ ሮቢት ከ 8 እስከ 10፤ በአሮጌው እነዋሪ ከ 2 እስከ 9። መዳቢው ካስቀመጠው በታች ርካሽ ድልድል ስለሌለ፣ ሰዓት አውጪው «ይቻላል» ባለበት ቅጽበት ያ ፕላን ከሁሉ ርካሹ መሆኑ ተረጋግጧል። ተጨማሪ ማስረጃ አያስፈልግም።

የመኖ ሥራ በተለይ የሚጠነቀቅበት ወጥመድ ግን አለ፤ እባክዎ ይህን በርጋታ ያንብቡት። ከላይ ያለው ማጥበቢያ የቆመው «የጥቂቶቹ ስብስብ የማይቻል ከሆነ፣ ሌላ ሲጨመርበትም አይቻልም» በሚል ሐሳብ ላይ ነው። በማደባለቂያ ማጠቢያ ሰዓት ይህ ሊፈርስ ይችላል። ዩሪያ ያለበት መኖ ለሚያመሰኳ ትልቅ ከብት እንጂ ለዶሮና ለትንሽ ጥጃ አይሆንም፤ ስለዚህ ከዩሪያው ቀጥሎ የዶሮ መኖ ከመጣ ማደባለቂያው በፉርሽካ መታጠብ አለበት፤ 2 ሰዓት ይሁን። አሁን በመካከል 1 ሰዓት የሚፈጅ የማድለቢያ በሬ መኖ ቢገባና ማደባለቂያውን እንዳጠበ ቢቆጠር፣ ሦስቱ አንድ ላይ ከሁለቱ ብቻቸውን ቀድመው ይጨርሳሉ። ከዩሪያ ወደ ዶሮ በቀጥታ 2 ሰዓት፣ በበሬው በኩል 0 + 1 + 0 ነው። ያኔ «ዩሪያውና ዶሮው አንድ ላይ አይሆኑም» የሚለው ክልከላ በሬው ሲኖር ሐሰት ነው፤ ምርጡን ፕላን ገድሎ ያልፋል፤ ሶልቨሩም በሙሉ ልብ የተሳሳተ መልስ ይሰጥዎታል።

መመርመሪያው ቀላል ነው፦ ለማንኛውም ሦስት ትዕዛዝ፣ ከአንደኛው ወደ ሦስተኛው ያለው የማጠቢያ ሰዓት፣ በሁለተኛው በኩል ካለው ማጠቢያና ከሁለተኛው የሥራ ሰዓት ድምር መብለጥ የለበትም። ሠንጠረዥዎ ይህን ካሟላ ማጥበቡ አስተማማኝ ነው። ካላሟላ ወይ «ይህ ድልድል ልክ እንዳለ አይደገም» የሚል ክልከላ ይጠቀሙ፤ ያሉትም ያልተመደቡትም ትዕዛዞች ይቆጠሩበታል፣ ደካማ ነው ግን አይዋሽም። ወይም ደግሞ፣ እኔ የምመርጠው ይህን ነው፣ ሌላ ምርት ለማጠቢያነት እንዳይቆጠር የምርት ጥራት ክፍሉን ያስወስኑ። ለከብቱም ለዶሮውም ጤና የሚበጀው ይኸው ነው፤ ሞዴሉም ይቀላል።

ቅይጡ መዳቢው ውስጥ ይቆይ። ፉርሽካ ስንት ኪሎ፣ የኑግ ፋጉሎ ስንት፣ በቆሎ፣ ሞላሰስ፣ ጨው፤ የፕሮቲኑ መጠን ከዚህ አይነስ፤ መጋዘን ካለው አይብለጥ። ይህ ዳንትዚግ እ.ኤ.አ. በ 1947 ሲምፕሌክስ የተባለውን የሊኒየር መፍቻ ዘዴ ካወጣ ጀምሮ ሊኒየር ፕሮግራሚንግ ተክኖበት የኖረ ሥራ ነው፤ የገደብ ፕሮግራም ቢነካው ያበላሸዋል። ተጨማሪ ጥቅምም አለው። ቅይጡን ብቻ፣ ድልድሉ ከተወሰነ በኋላ፣ በንጹሕ ሊኒየር ሲፈቱት የፋጉሎው ክምችት ገደብ የጥላ ዋጋ ይነግርዎታል። በኪሎ 4 ብር ካለ፣ በጥቂቱ እስከጨመሩ ድረስ አንድ ተጨማሪ ኪሎ ፋጉሎ ወጪውን በ 4 ብር ይቀንሳል ማለት ነው። ለገዢው ክፍል ይህ ከማንኛውም ሪፖርት ይበልጣል። 0/1 ተለዋዋጭ እያለበት የሚወጣውን የጥላ ዋጋ ግን አይመኑት።

መሣሪያው፦ ለመዳቢው ሃይስ የሚባለው የሊኒየርና የድፍን ቁጥር ሶልቨር ይበቃል፣ ነጻ ነው፤ ለሰዓት አውጪው ሲፒ-ሳት። ሁለቱም ከፓይተን ይጠራሉ። ለእያንዳንዱ ማደባለቂያ ለብቻው አንድ ሰዓት አውጪ ይክፈቱ፤ አንዱ የሌላውን አያውቅም፣ 30 ትዕዛዝ ያለበት ሁለት ትንንሽ ችግር 60 ካለበት አንድ ትልቅ እጅግ ይቀላል። ሲፒ-ሳት ድፍን ቁጥር ብቻ ስለሚቀበል ሰዓቱን በ 5 ደቂቃ ቆጥረው፣ የሥራ ርዝመትን ሁልጊዜ ወደ ላይ አጠጋግተው ይስጡት። ወደ ታች ካጠጋጉ ወረቀት ላይ የሚሠራ ግቢው ውስጥ የማይሠራ ፕላን ይወጣል። በሰከንድ መቁጠርም አያስፈልግም፤ አማራጩን ያበዛል እንጂ ማንም ማደባለቂያውን በሰከንድ አይነዳም።

ከሃይስ የሚመጣው ምደባ 0.9999998 ሊሆን ይችላል፤ ከማሳለፍዎ በፊት ያጠጋጉት። ኮድ ውስጥ «ከ 1 ጋር እኩል ከሆነ» ብለው ከጻፉ አንድ ትዕዛዝ በጸጥታ ይጠፋል፤ ሰዓት አውጪው በደስታ «ይቻላል» ይላል፣ መኪናው ግን ባዶ ይቆማል።

ሰዓት አውጪው የሚሰጠው መልስ ሦስት ነው፦ ይቻላል፣ አይቻልም፣ አላወቅሁም። የጊዜ ገደብ ሰጥተውት ሳይጨርስ ሲቀር ሦስተኛውን ይመልሳል። ይህን እንደ «አይቻልም» ቆጥሮ ክልከላ ማስገባት ከባድ ስሕተት ነው። «አላወቅሁም» ሲል ጊዜውን ያራዝሙለት፤ ካልሆነም ያንን ድልድል ለጊዜው ይከልክሉ፣ ከዚያ በኋላ ግን «ርካሹ ተረጋግጧል» የሚለውን ቃል አይጠቀሙ።

ዘዴው አንድ እውነተኛ ድካም አለው፦ እስከ መጨረሻው ዙር ድረስ የሚሠራ ፕላን በእጅ የለም፤ ወለሉ ብቻ ነው የሚወጣው። መብራት 4ኛው ዙር ላይ ከጠፋ ባዶ እጅ መቅረት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ያ የነበረዎትን ሙሉ የሲፒ-ሳት ሞዴል ለ 5 ደቂቃ ያስኪዱትና ያገኘውን ፕላን ፋይል ላይ ያስቀምጡ። የዚያ ዋጋ ጣሪያ ይሆናል። ጣሪያው ደግሞ ሌላ ሥራ አለው። የመዳቢው ላላ ሊኒየር 2900 አለ፣ ጣሪያው 3100 ነው፣ አንድ ዜሮ ላይ ያለ ምደባ የተቀነሰ ወጪው (ወደ 1 ቢገባ ወለሉን ቢያንስ የሚጨምረው) 250 ነው እንበል፤ 2900 + 250 ከ 3100 ይበልጣል፤ ስለዚህ ያ ምደባ በተሻለ ፕላን ውስጥ ሊገኝ አይችልም፣ ዜሮ ላይ ይታሰር። ከ 120ው ተለዋዋጭ ብዙው እንዲህ ከረገፈ የሚቀረው ቀላል ነው።

ከዙር ወደ ዙር ጊዜውን የሚበላው ማን እንደሆነ ለክተው ይመዝግቡ። መዳቢው በየዙሩ ደቂቃዎች የሚፈጅ ከሆነና ሰዓት አውጪው በቅጽበት የሚመልስ ከሆነ፣ በየዙሩ መዳቢውን ከዜሮ መጀመር ይተዉ፤ በፍለጋው መካከል ክልከላ ወደሚቀበል ሶልቨር፣ ለምሳሌ የበርሊኑ የዙዘ ተቋም ወደሚሠራው ስኪፕ፣ ይዛወሩና መዳቢው ድፍን ድልድል ባገኘ ቁጥር ሰዓት አውጪውን ይጥራ። ተቃራኒው ከሆነ፣ ሰዓት አውጪው ከዘገየ፣ አሁን ባለው ዙር በዙር ይቆዩ።

ከ 20 የማይበልጥ ትዕዛዝ ባለበት ሳምንት ይህ ሁሉ አያስፈልግም። ሲፒ-ሳት ራሱ በውስጡ ሊኒየር ይዟል፤ ሊኒየራይዜሽን ሌቭል የሚባለውን መቼት ከ 1 ወደ 2 ከፍ አድርገው ሙሉ ሞዴሉን ይስጡት፣ የላላውንም የጊዜ ገደብ በእጅዎ ይጨምሩበት። አንዳንዴ ይህ ብቻ ይበቃል። መኪናዎቹን ማን ወዴት ይንዳ የሚለውንም፣ ወደ መሃል ሜዳ የሚታጠፈው ከሸዋ ሮቢቱ ጋር እስከ ጣርማ በር አብሮ ይጫን ወይስ ለብቻው የሚለውን፣ አሁን አያስገቡት፤ እሱ ኮለም ጀነሬሽን የሚባል ሌላ ማጣመሪያ ይፈልጋል፣ በዚያ የገደብ ፕሮግራሙ ጉዞዎችን ይፈጥራል፣ ሊኒየሩ ይመርጣል።

ኮዱን ለትክክለኛ ሥራ ከማዋልዎ በፊት በ 6 ትዕዛዝ ይፈትኑት። ስድስት ትዕዛዝ በሁለት ማደባለቂያ 64 ድልድል ነው። ለ 64ቱም ሰዓት አውጪውን ይጥሩ፣ ከሚቻሉት ርካሹን ይውሰዱ፣ ዘዴው ካወጣው ጋር ያስተያዩ። በዘፈቀደ ሰዓትና ዋጋ እየቀያየሩ ይህን 200 ጊዜ ይድገሙት፤ ማጠቢያ ሰዓት ያለበትንም ያካትቱ። አንድ ጊዜ እንኳ ዘዴው ያወጣው ዋጋ ከፍ ካለ፣ አንድ ክልከላ ተሳስቷል ማለት ነው፤ ትክክለኛውን ድልድል ይውሰዱና በዝርዝሩ ውስጥ የትኛው ክልከላ እንደሚቃወመው ይፈልጉ። ዝቅ ካለ ደግሞ ሰዓት አውጪው አንድ ትዕዛዝ ወይም አንድ ገደብ ሳይደርሰው ቀርቷል፤ ማጠጋጋቱን መጀመሪያ ይመልከቱ።